ከዶሮ እኩል የሚተኛው አጎቴ

አጎቴ ዘጌ ውስጥ በሁለት ነገር ይታወቃል። አንዱ ታንኳው ነው። ደንገሉን ራሱ ያጭዳል፣ ራሱ ያስራል፣ ማገዶ ጭኖ ባሕር ዳር ድረስ ይቀዝፋል። ሁለተኛው እንቅልፉ ነው። «ከዶሮ እኩል ነው የሚተኛው» ይሉታል። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ሥራውን ይጥላል። ገበያ ቢደራ፣ ጠላ ቢቀዳ፣ ሠርግ ቢሆን እሱ የለም። ቤቱ ገብቷል።

እኛም የእህቱ ልጆች እንስቅበት ነበር። ጋሼ ነው የምንለው። አንተ እያልኩት ነው ያደግሁት፤ እዚህ ላይ አንቱ ብዬ ብጽፍ መጀመሪያ የሚስቅብኝ እሱ ነው።

ሰነፍ አለመሆኑን ያወቅሁት ትልቅ ሰው ከሆንኩ፣ ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ዓይኑም አብሮ ይጠፋ ነበር። ዳፍንት ነው። ቤተሰቡ ያውቃል። አያቴ የፍየል ጉበት ጠብሳ አብልታዋለች፣ ጠበል ወስዳዋለች። ጉበቱ ዝም ብሎ ተረት አይደለም። በቫይታሚን ኤ እጥረት የሚመጣ ዳፍንት አለ፤ ጉበት ደግሞ የቫይታሚን ኤ ጎተራ ነው። በዚያ ዓይነቱ የተያዘ ልጅ ጉበት በልቶ ቢድን አይገርምም። የጋሼ ግን በጉበት የሚመለስ አልሆነም። እምቢ ሲል ነገሩ ተዘጋ። «እንግዲህ እግዜር ያመጣው ነው» ተባለ። ከዚያ ወዲያ ጮክ ብሎ ያነሳው የለም። ጋሼ አራት ልጆች አሉት፤ ሦስቱ ሴቶች ናቸው። ሴት ልጆች ያሉት ቤት ውስጥ የዓይን ነገር ማን ያነሳል?

የእኛ ቤት ታሪክ የሚጀምረው መብራት ሲጠፋ ነው። ባሕር ዳር ያደገ ሰው መብራት መጥፋት ምን እንደሆነ ይገባዋል። መብራቱ ድርግም ሲል ታናሽ ወንድሜ ሸሚዜን ይይዛል። ሻማ እስኪበራ አይለቅም። አሥር ዓመት ሞልቶት እንኳ አይለቅም ነበር። «ፈሪ» ብዬ ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ስሙ ሰፈር ድረስ ተከተለው። ይህን ስጽፍ እንኳ ያሳፍረኛል።

ካደገ በኋላ ባጃጅ ጀመረ። ቀን ቀን ደህና ይሠራል። ማታ ማታ ግን ገንዘቡ ያለው ሐይቁ ዳር ነው፤ ከመዝናኛ ቤቶቹ የሚወጣውን ሰው ለማድረስ ሁሉም ይሻማል። አንድ ማታ የዘንባባዎቹን አጥር ገጨ። ሰው አልተጎዳም፣ የፊት ጎማው ብቻ ተጣመመ። «ከጎን ነው የመጣብኝ» አለ። አጥር ከጎን ይመጣል እንዴ! እሱ ግን የታየውን ነው የነገረን። ከፊቱ ያለውን ያያል። ከጎኑ ያለው እስኪነካው ድረስ ለእሱ የለም። ምሳ ላይ ብርጭቆ የሚደፋውም ለዚህ ኖሯል።

የዓይን ሐኪሟ ጠብታ ጨምራ፣ ብሌኑን አስፍታ ውስጡን አየችው። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ የጠየቀችው ስለ እሱ አልነበረም። «ከእናትህ ወንድሞች መካከል ማታ የማያይ አለ?» ነው ያለችው። እኔና ወንድሜ ተያየን። ሁለታችንም አፍ ላይ የመጣው ዶሮ ነው።

በሽታው ሬቲናይቲስ ፒግመንቶሳ ይባላል። ስሙ ያስፈራል፤ አሠራሩ ግን ለመረዳት አይከብድም። ከዓይናችን ጀርባ ሬቲና የሚባል ስስ ሽፋን አለ። እዚያ ላይ ሁለት ዓይነት ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳት አሉ። አንዶቹ ለደብዛዛ ብርሃን ናቸው፤ ሌሎቹ ለቀን ብርሃን፣ ለቀለምና ለጥቃቅን ነገር። ይህ በሽታ የሚጀምረው ከመጀመሪያዎቹ ነው። ስለዚህ በፊት ማታው ይሄዳል። ቀጥሎ ዳር ዳሩ ይሄዳል፤ በቱቦ እንደማየት ይሆናል። መሐሉ ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የሚነካው። በዓለም ላይ ከ4,000 ሰው አንዱን ያህል ይይዛል ይባላል።

«የትኛው ጂን እንደሆነ ለማወቅ የዘረመል ምርመራ ያስፈልጋል» አለች። ጂን ማለት ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወርድ የሰውነታችን መመሪያ ነው። ይህን በሽታ የሚያመጡ ጂኖች በአሥሮች ይቆጠራሉ። አንዱ ከእናትም ከአባትም ሲገናኝ ብቻ ነው የሚያሳምመው። ሌላው ከአንዱ ወላጅ ቢመጣም ይበቃዋል። ሌላው ደግሞ በእናት በኩል መጥቶ ወንዶቹን ይመታል። ሐኪሟ የጠረጠረችው ሦስተኛውን ነው። ምርመራው እዚህ አይሠራም። ደሙ አዲስ አበባ ይላካል፣ ከዚያ ውጭ አገር ይሄዳል። ዋጋውን ስሰማ ውጭ ያለችውን ዘመዳችንን ደወልኩላት። ያለ እሷ አይሆንም ነበር።

ደም የተቀዳው በአንድ ደቂቃ ነው። አንዲት ትንሽ ቲዩብ። ማንም ቁጭ አድርጎ «ይህ ደም ስለማን ማንን ሊናገር እንደሚችል ታውቃላችሁ?» አላለንም። የሚገርመው ነገር፣ ይህ ለአገራችን እንግዳ ሐሳብ አይደለም። በኤችአይቪ ዘመን ተምረነዋል። ምክር ሳይሰጥ ደም አይወሰድም፤ ውጤትም ያለ ምክር አይነገርም። ያኔ ያን ሁሉ ፖስተር ግድግዳ ላይ ለጥፈን፣ ያን ሁሉ ድራማ በሬዲዮ ሰምተን፣ ለዚህኛው ደም ሲሆን እንዴት ረሳነው?

ውጤቱ ከወራት በኋላ መጣ። ስድስት ገጽ፣ በእንግሊዝኛ። የሰጠን የጤና ባለሙያ ኮሪደር ላይ ቆሞ ነው ያነበበልን። ከኋላችን ተራ የሚጠብቅ ሰው አለ። «አር ፒ ጂ አር የሚባለው ጂን ላይ ነው» አለ። «ከእናትህ ነው የመጣው።» ከዚያ ስልኩ ጮኸና ሄደ።

እናቴ አብራን ነበረች። ነጠላዋን አጣፍታ ግድግዳው ጥግ ቆማለች። እንግሊዝኛውን አልሰማችም። «ከእናትህ ነው» የሚለውን ግን ሰምታለች።

ቤት እስክንገባ አልተናገረችም። ሌሊቱን አልተኛችም። ሲነጋ ያለችኝ ይህን ብቻ ነው፦ «ጡቴ ነው?» ያጠባሁት ወተት ነው ወይ ማለቷ ነው። አይደለም አልኳት። «ታዲያ ምኔ ነው?» አለች።

ምኗ እንደሆነ ለማስረዳት ሦስት ቀን ፈጀብኝ። በመጨረሻ በባቄላ ነው የተግባባነው። ጂኖች ክሮሞሶም በሚባሉ ጥቅሎች ላይ ተቀምጠው ነው የሚወርዱት፤ የእኛው ያለው ኤክስ በሚባለው ላይ ነው። ሴት ሁለት ኤክስ አላት፣ ወንድ አንድ ኤክስና አንድ ዋይ። ነጭ ባቄላ ኤክስ ነው አልኩ፣ አተሩ ዋይ። ከእናቴ ሁለት ባቄላ አንዷን በከሰል አጠቆርኳት። «ይህች የተበላሸችዋ ናት። አንቺ ሌላ ደህና ባቄላ ስላለሽ ዓይንሽን ትጠብቅልሻለች። ወንድ ልጅ ግን ከአንቺ አንድ ብቻ ነው የሚወስደው። ጥቁሯን ከወሰደ ምትክ የለውም።» አየቻት። «እኔስ ከማን ወሰድኳት?» አለች። ከአያቴ። «እሷስ?» ከእናቷ ወይ ከአባቷ፤ ከዚያ ወዲያ አናውቅም። ትንሽ ቆይታ «እንግዲያውስ እኔ መንገድ ነኝ እንጂ ምንጭ አይደለሁም» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ወሰዳት። ስድስቱ ገጽ ይህን አላላትም ነበር።

በነገራችን ላይ እሷ አልተመረመረችም። አያስፈልጋትም። ወንድሟም ልጇም ከታመሙ ተሸካሚ ናት፣ ጥቁሯን ባቄላ ይዛለች ማለት ነው፤ ሒሳቡ ጨርሶታል። ተሸካሚ ሴቶች አንዳንዶቹ ራሳቸውም መጠነኛ የማየት ችግር ይኖራቸዋል። እናቴ ከሰርክ ጸሎት ስትመለስ ለምን የሰው ክንድ እንደምትይዝ አሁን እጠረጥራለሁ። አልጠየቅኳትም።

ያው ሒሳብ እኔንም ጨረሰኝ። ዓይኔ ደህና ነው፤ ስለዚህ የወሰድኩት ነጯን ባቄላ ነው። እኔ ጋ ቆሟል። ልጆቼ ላይ በእኔ በኩል አይመጣም። አንዲት ጠብታ ደም ሳልሰጥ ነፃ ወጣሁ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ደስታው ግን ወንድሜን ፊት ለፊት እያየሁት አልመጣልኝም። ሸሚዜን ይዞ የሚቆመው ልጅ እኔ ልሆን እችል ነበር። ሳንቲም ተወርውሮ ነው።

እህቴ ደግሞ ገና ሳንቲሙ አየር ላይ ነው። ተሸካሚ የመሆን ዕድሏ ግማሽ በግማሽ ነው። ከሆነች፣ የምትወልደው እያንዳንዱ ወንድ ልጅ የመታመም ዕድሉ ግማሽ ነው፤ እያንዳንዷ ሴት ልጅም ተሸካሚ የመሆን ዕድሏ ግማሽ ነው።

የጋሼ ሴት ልጆች ግን ሳንቲም እንኳ የላቸውም። እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄኛው ነው። ጋሼ አንድ ኤክስ ነው ያለው፣ እሱም ጥቁሯ ናት። ለሴት ልጆቹ የሚሰጠው ሌላ ነገር የለውም። ሦስቱም ያለ ጥርጥር ተሸካሚ ናቸው። ወንዱ ልጁ አባቱ የሰጠው ዋይ ስለሆነ ንጹሕ ነው። ወንድሜ ባሕር ዳር ላይ ክንዱን ዘረጋ፤ ዘጌ ያሉ ሦስት ሴቶች ሳይጠየቁ ተመረመሩ። እነሱ ቡናና ጌሾ እየለቀሙ ነው። እኔ ቦርሳዬ ውስጥ ውጤታቸውን ይዤ እዞራለሁ። ማን ፈቀደልኝ?

ወንድሜ መጀመሪያ «ደሙ የኔ ነው፣ ወረቀቱም የኔ ነው፣ ለማንም አታሳይ» አለ። ልክ ነው። የጋሼ ልጆችም «የእኛን ነገር ደብቃችሁ» ቢሉ ልክ ናቸው። ሁለት ልክ ነገሮች አንድ ወረቀት ላይ ተቀመጡ።

እኛ አገር ዘር መቁጠር እናውቅበታለን። ለጋብቻ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ዘመድ ዘመዱን አያገባም። ሕጉ ጥሩ ሥራ ይሠራል። በሁለቱም ወላጅ በኩል ሲገናኙ ብቻ የሚያሳምሙ በሽታዎች አሉ። የሥጋ ዘመዶች ያንኑ የተበላሸ ጂን የመሸከም ዕድላቸው ሰፊ ስለሆነ፣ ሰባት ቤት መራራቅ ያንን በር ጠበብ ያደርገዋል። የእኛን ግን አይዘጋውም። በእናት በኩል አንድ ኤክስ ይበቃዋል፤ አባትየው ከየትም ይምጣ። እናቴና አባቴ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ቤት ተቆጥሮ፣ ንጹሕ ነው ተብሎ ነው የተጋቡት።

ሽማግሌ የማይቆጥረውን ደግሞ ሰፈር ይቆጥራል። እናቴ የምትፈራው ይህን ነው። ልጅ ሳለች የምታውቃት አንዲት ልጅ ነበረች። ታጭታ ሳለ የእናቷ እግር ዝሆኔ ነው ተባለ፤ «በዘር ይሄዳል» ተብሎ እጮኝነቱ ፈረሰ። ጎጃም ውስጥ ይህን ዓይነት ታሪክ ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። አሁን ሳይንሱ ምን ይላል? በደጋው ያለው ዝሆኔ የሚመጣው ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ለዓመታት ከመሄድ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የመያዝ ዝንባሌው በዘር መውረዱን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የዘረመል ጥናት አሳይቷል፤ ደም የሰጡት ኢትዮጵያውያን ናቸው። ስለዚህ ሰፈሩ ግማሽ እውነት ነበረው። ቀሪው ግማሽ ጫማ ነው። ጫማና እግር መታጠብ ይከላከለዋል። ግን ግማሹ እውነት ብቻውን አንድ ሠርግ ማፍረስ ችሏል። «ይሄ ወረቀትማ ሙሉ እውነት ነው» አለችኝ እናቴ። «እሱን ምን ይመልሰዋል?»

ወረቀቱ እንኳ ሙሉ አይደለም። አምስተኛው ገጽ ላይ ሌላ ጂን ተጠቅሷል፤ «ትርጉሙ ያልታወቀ ለውጥ» ይላል። መርማሪዎቹ የአንድን ሰው የዘረመል ፊደል የሚያስተያዩት ከዚህ በፊት ከተሰበሰበው ጋር ነው። የተሰበሰበው ደግሞ በአብዛኛው የአውሮፓ ዝርያ ካላቸው ሰዎች ነው። ስለዚህ የእኛ ሰው ደም ሲሄድ «ይህን አላየነውም» የሚለው መልስ ይበዛል። ወንድሜ ያቺን መስመር ደጋግሞ ያነባታል። የታወቀው በሽታው አልበቃ ብሎት ያልታወቀው ያስጨንቀዋል።

ሌላ ሐይቅ ዳር ስለተደረገ ነገር ያነበብኩት በዚያ ሰሞን ነው። ቬኔዙዌላ ውስጥ ማራካይቦ የሚባል ሐይቅ አለ። ዳሩ ላይ የሚኖሩ ድሃ ቤተሰቦች ሀንቲንግተን የሚባለው የአንጎል በሽታ በብዛት ነበረባቸው። ከወላጅ አንዱ ካለበት ልጁ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚገለጠው ሰው ጎልምሶ፣ ልጆች ወልዶ ካበቃ በኋላ ነው። ናንሲ ዌክስለር የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ እየተመላለሰች ደማቸውን ሰበሰበች። የራሷም እናት በዚሁ በሽታ ነው የሞተችው። በእነዚያ ሰዎች ደም እ.ኤ.አ. በ1983 ጂኑ ያለበት አካባቢ ታወቀ፣ በ1993 ራሱ ጂኑ ተገኘ። ከዚያ ምርመራው መጣ። ስጋቱ ካለባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ግን መመርመር አልፈለጉም። ዌክስለር ራሷ ለዓመታት ስለ ራሷ አልተናገረችም፤ በሽታው እንዳለባት በይፋ የተናገረችው በ2020 ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ለዚህ ምርመራ የለፋች ሴት ናት። ዝም ማለት ፍርሃት ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ ከእሷ ነው።

ለእህቴ ይህን ነገርኳት። ሠርጓ ደርሶ ስለነበር ከእጮኛዋ ጋር የኤችአይቪ ወረቀት አውጥተዋል፤ ቤተ ክርስቲያን ይጠየቃል። «ይሄኛውንስ ላሳየው፣ ወንድምዬ?» አለችኝ። የምታሳዪው ወረቀት የለሽም፣ አልተመረመርሽም አልኳት። «አለመመርመሬንስ?» አለች። መልስ አልነበረኝም። ነገረችው። ያሳቀኝ ነገር፣ መጀመሪያ የገባው እሷ ዓይነ ስውር ልትሆን ነው ብሎ ነው። ካፌ ውስጥ ሶፍት ላይ ባቄላ ሥላ አስረዳችው። የእናቴ ባቄላ ካፌ ድረስ ሄደች። ተጋብተዋል። እስካሁን አልተመረመረችም። «ሳረግዝ አስብበታለሁ» ትላለች። እኔ ብሆን አሁን እመረመር ነበር። እኔ ግን እሷ አይደለሁም፤ ደግሞ ነፃ የወጣ ሰው ምክር ቀላል ናት።

መድኃኒት አለው ወይ ትሉኝ ይሆናል። ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ እሱን ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ለአንድ ሌላ የዓይን ጂን የጂን ሕክምና ተፈቅዷል፤ ለሁለት ዓይን 850,000 ዶላር ነበር የተተመነው። ለእኛው ጂን ግን የሚሞከሩ አሉ፤ የተፈቀደ የለም። ወንድሜ ባጃጁን ሸጦ ስልክ ጥገና ገብቷል። ጠረጴዛው ላይ ኃይለኛ መብራት አለ። ከፊቱ ያለውን ትንሽ ነገር አሳምሮ ያያል። ፈሪ የሚለው ቀርቷል፤ እኔ ዞሬ አስቀርቼዋለሁ።

ባለፈው ክረምት ማለቂያ ላይ ወንድሜ ሐሳቡን ለወጠ። «ለጋሼ ልጆች ንገራቸው። ለእነሱ ብቻ» አለኝ። ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ በጀልባ ዘጌ ተሻገርኩ። የጋሼ ትልቋ ልጅ ሰባት ዓመት የሚሆነው ወንድ ልጅ አላት። ቡና አፈላች። አንደኛው ላይ እነግራታለሁ አልኩ። ሁለተኛው ላይ አልኩ። በረካው አለቀ። ጋሼ መደቡ ላይ ተኝቷል፤ ገና አሥራ ሁለት ሰዓት አልሆነም።

ዘጌ ቶሎ ነው የሚመሸው። ከቡናው ጥላ ሥር ቀኑ ራሱ ከፊል ማታ ነው። ልጁን «ዶሮዎቹን አስገባ» አለችው። ሮጠ። ቀዩን አውራ አገኘ፣ ነጮቹን አገኘ፣ እየቆጠረ ከተተ። አንዲት ጥቁር ቀርታለች። ከቡናው ግንድ ሥር ኩርምት ብላለች፤ ከተቀመጥኩበት ትታየኛለች። ልጁ ወደዚያ ሄደ። አለፋት። ተመለሰ። እኔ ስኒውን ይዤ እግሩን ነው የማየው፤ ሥር ላይ ይደናቀፍ እንደሆነ፣ እጁን ወደ ፊት ይዘረጋ እንደሆነ። ዶሮዋ ክንፏን አራገፈች፤ በድምፁ አገኛትና አቅፏት መጣ።

ቀና ስል እናትየው ልጁን እያየች አልነበረም። እኔን ነበር የምታየው።

«ምን ታየዋለህ?» አለችኝ።

ምንም አልኩ።

ስኒዬን ተቀብላ ረከቦቱ ላይ አስቀመጠችው። «ዶሮ የማስገባው እኔ ነበርኩ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ለሱ የሰጠሁት ከአምና ወዲህ ነው። ጥቁሯንም ሆን ብዬ ነው የገዛኋት።»